በባንዳ መቀነት ታዝዬ አደግሁ

ለጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣
በተለይም በከተማችን በቅርስ፣ በሙዚየምና በታሪክ ሥራ ላይ ላላችሁ

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣሉ። ጠቡ ክንድ በማትሞላ መሬት ነው። አንዱ ቆርቆሮ ተከለ፣ ሌላው ነቀለው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቡና ተፈላ፣ ቶናው ደርሶ ነገሩ ሊበርድ ሲል አንደኛው ብድግ አለና «ድሮስ ከባንዳ ዘር ምን ይጠበቃል!» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ስድቡ የሌላኛውን አያት የሚነካ ነው። ሁለቱም ያንን ሰውዬ በአካል አያውቁትም። ምን እንደሠራም አይናገሩም። ቃሉ ብቻ በቂ ነበር፤ እርቁ በዚያው ፈረሰ።

እኔ ሲኒዬን ይዤ መሬት መሬት አየሁ። ምክንያቱም በዚያ ቤት ውስጥ የባንዳ የልጅ ልጅ መሆኑን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው እኔ ነበርኩ።

አያቴ ዛፕቲያ፣ ማለትም ጣሊያን የቀጠረው የአገሬው ፖሊስ፣ ነበር። አባባ ነበር የምንለው። ቤታችን ውስጥ ነገሩ ተደብቆ አልኖረም፤ ግን ተወርቶም አያውቅም። ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። እማማ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ከእሱ በኋላ አስር ዓመት ያህል ቆይታ ስታርፍ ሳጥኗን እኔ ከፈትሁት። ነጠላዎች፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ አንድ የተሰበረ መነጽር። ከሥር ደግሞ የማውቀው ማዘያ። ቀለሙ የለቀቀ ረጅም የሱፍ ጨርቅ ነው፣ ከሦስት ሜትር ይበልጣል፣ ጫፍና ጫፉ ዘርፍ አለው። አባቴ በሱ ታዝሏል፣ አክስቶቼም፣ እኔም። ታናሽ እህቴን ስታዝልበት ትከሻዋ ላይ ሁለት ዙር ይጠመጠም ነበር፤ ተራ ማዘያ እንደዚያ አይረዝምም። ለምን እንደሚረዝም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለሕፃን የተሠራ አልነበረም ለካ። ጣሊያን ለአገሬው ወታደሮቹ የሚያድለው የወገብ መቀነት ነው።

እንግዲህ ይህን መቀነት ይዤ ነው የምጽፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ዛሬ ባንዳ ስንል ሁሉንም በአንድ ጆንያ እንከታለን። ጣሊያኖቹ ግን ለይተው ነበር የሚመዘግቡት። አስካሪ መደበኛ የቅኝ ግዛት ወታደር ነው፤ በሻለቃ ተደራጅቶ በጣሊያን መኮንን ሥር ይዘምታል። ዱባት ከሱማሌ በኩል የሚመለመለው ነው። ዛፕቲያ ካራቢኜሪ በሚባለው የጣሊያን ወታደራዊ ፖሊስ ሥር ያለ ፖሊስ ነው፤ ከተማ ይጠብቃል፣ ወረቀት ያያል፣ ሰው ይዞ ይመጣል። ባንዳ ከሁሉም የላላው ነው። በጣሊያንኛ ጭፍራ፣ ቡድን እንደማለት ነው። አንድ የአካባቢ ሹም ወይም አንድ ጣሊያን መኮንን ጠመንጃ ያድልና ሰዎቹን ይዞ አርበኛ ፍለጋ ይወጣል። ያኔ ቃሉ ስድብ አልነበረም፤ የሥራ ስም ነበር። ሠርግ ላይ የሚጫወተው ባንድ የሩቅ ዘመዱ ነው። ባንዲራ የሚለውንም ቃል ያገኘነው ከዚያው ከጣሊያንኛ ነው። የምንምልበትም የምንሰዳደብበትም ከአንድ ሱቅ ተገዝቶ መጣ።

ጅማ ደግሞ ለዚህ ታሪክ ዳር አይደለችም። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ከገባ በኋላ ከተማችንን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ ዋና ከተማ አደረጋት። ገዥ ጄኔራሎቹ እዚህ ተቀመጡ፤ በመጀመሪያ ጄሎሶ፣ በመጨረሻ ጋዜራ። በሂርማታ ገበያ አጠገብ አዲስ ከተማ ተቀየሰ። ፈረንጅ አራዳ ለምን ፈረንጅ አራዳ እንደተባለ ለጅማ ሰው አላስረዳም። በ1929 ታኅሣሥ ላይ ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ጎጀብ ወደ ቦንጋ ስንሄድ የምንሻገረው ወንዝ ነው። አውቶብሱ ድልድዩን ሲያልፍ የሚነሳው ወሬ ስለ መንገዱና ስለ ሙቀቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር ላይ ጥይት ሲተኮስ ከጠመንጃው ጀርባ ያለው ፊት ብዙውን ጊዜ የነጭ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1940 ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ ከነበረው ወደ 290,000 ጦር ውስጥ ወደ 200,000 የሚሆነው የአፍሪካ ሰው ነው። ራስ ደስታ ዳምጠውን በየካቲት 1929 የያዛቸው የባንዳ ጦር ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ደብረ ሊባኖስ ላይ የተፈጀው መነኩሴ ፊት የቆሙት በጣሊያን ጄኔራል የሚታዘዙ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ነበሩ። ለዚያ ሥራ ሙስሊም ወታደሮች እንዲላኩ የተደረገውም ታስቦበት ነው። ከታሪክ ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ክፋቱን የሚሠራው እጅ ማን እንዲሆን ተመርጦ ነበር።

ወራሪ መድፍ ይዞ ይመጣል። ግን የማን ቤት ከማን ቤት ጋር እንደተጣላ አያውቅም። በየትኛው ጫካ ውስጥ ውሃ እንዳለ አያውቅም። «ይህች ሴት የማን ሚስት ናት?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ያስፈልገዋል። ዛፕቲያ የተቀጠረው ለጉልበቱ ሳይሆን ለዚህ መልስ ነው። አባባ የዚህን አገር መንገድ ያውቅ ነበር፤ የበቅሎ ነጂ ልጅ ነዋ።

ለምን ገባ? ቤታችን ውስጥ ሦስት መልስ አለ። አባቴ «በግድ ነው» ይላል። አክስቴ «ለደሞዝ ነው፣ ረሃብ ነበር» ትላለች። እማማ አንድ ቀን ቡና እየለቀመች የነገረችኝ ሌላ ነው። የአባባ አባት ገባር ነበር። መሬቱን የሚያዝበት ሰው በቅሎውን በጉልበት ወሰደበት። ጣሊያን ገብቶ «ገባር ቀርቷል» ብሎ ሲያውጅ የአስራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ያየው የአገርን መወረር አልነበረም። ያየው በቅሎውን የወሰደው ሰውዬ ሲሸሽ ነው። ይህ ማመካኛ አይደለም። ገባር የነበረ ሁሉ ባንዳ አልገባም፤ እንዲያውም ብዙው ከአርበኛው ጋር ወጥቷል። ግን ይህን ሳናውቅ ጣሊያን ያንን ሁሉ ሰው እንዴት እንዳገኘ አይገባንም። ቁስላችን ላይ ነው እጁን የከተተው። በእምነት፣ በቋንቋ፣ በመሬት የተቀያየምነውን መዝኖ፣ ለእያንዳንዱ ቅያሜ ዋጋ አውጥቶ ገዛው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ያ መቀነት ወገቡ ላይ ያለ ሰው የሚጠብቀው ሰፈር ውስጥ ራሱ መቀመጥ አይችልም። ቡና ቤቱ ለነጭ ነው። በር ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። በ1929 ጣሊያኖቹ በአዋጅ የራሳቸው ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እስር ፈረዱ። አባባ በዚህ ሁሉ ውስጥ በር ላይ ቆሟል። ከነጻነት በኋላም ሥራው ዘበኝነት ሆነ፤ የቡና መጋዘን። እድሜውን ሙሉ በር ላይ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ቤታችን ውስጥ በግልጽ የሚነገረው ታሪክ አንድ ብቻ ነው። አባባ ሌሊት ሄዶ አንድን ሰው «ነገ ሊይዙህ ነው፣ ውጣ» ብሎ አስመለጠው የሚለው። ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። እውነት ሊሆን ይችላል። ሌላውን ታሪክ ግን እማማ ልትሞት ስትል ነው ያወጣችው። አንዲት ጠላ ሻጭ ነበረች። የአርበኛ እህት ናት ተባለ። አባባ ነው ከገበያ መሀል እጇን ይዞ የወሰዳት። እንስራዋ እዚያው ቀረ። እማማ እንስራውን አንስታ ለሴትየዋ ብላ አስቀመጠችው። ሴትየዋ አልተመለሰችም። በዚያ እንስራ እኛ ውሃ ቀድተናል።

አያቴ ያስመለጠው ሰው ቤተሰብ እንዳለ ሁሉ፣ የጠላ ሻጯም ቤተሰብ እዚህ ከተማ ውስጥ ይኖር ይሆናል። አንድ ዕድር ውስጥ ሆነን ይሆናል።

ከ1933 በኋላ ሲሰማ አገሩ ሁሉ የውስጥ አርበኛ፣ ለጣሊያን እየሠራ በስውር አርበኛውን የሚረዳ፣ ነበር ይባላል። እርግጥ እውነተኞቹ ነበሩ። አብርሃ ደቦጭ የካቲት 12 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረውር ለጣሊያን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። ብዙ የኤርትራ አስካሪዎች ከነመሣሪያቸው ከድተው ከአርበኛው ጋር ተዋግተዋል። ራስ አበበ አረጋይ ከጦርነቱ በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ፤ ከተማው ሲያዝ ጫካ ገቡ። በአንድ የደንብ ልብስ ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው እንደሚገባ ማየት ነው። ግን ሁሉም ሰው አስመላጭ ከሆነ፣ ያችን ሴት የወሰዳት ማነው?

ይህ ጥያቄ የኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1942 በሁለት ቀን ከ13,000 በላይ አይሁዶች ፓሪስና አካባቢዋ ተያዙ። ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ናቸው። በራቸውን ያንኳኳው የጀርመን ወታደር ሳይሆን የፈረንሳይ ፖሊስ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 ደግሞ ሚሊስ የሚባል የራሳቸው ሰው ጦር ተቋቁሞ የገዛ ወገኑን ያሳድድ ጀመር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ፈረንሳይ ውስጥ ሁሉም አርበኛ ሆነ። አንድ ፕሬዚዳንት፣ ዣክ ሺራክ፣ «ይህን ያደረገው የፈረንሳይ መንግሥት ነው» ብሎ በአደባባይ ለማመን 1995 ድረስ፣ 53 ዓመት ፈጀ። ዴንማርክ ሌላ ነው። እዚያ ጀርመን ፖሊሱን ስላላመነው እ.ኤ.አ. መስከረም 1944 ወደ 2,000 ፖሊሶች ሰብስቦ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ላከ፤ በቦታቸውም ሂፖ የሚባል የከሃዲዎች ጓድ ተከለ። አንድ ጦርነት፣ አንድ ወራሪ ነው። ያንኑ ሥራ ግን አንዱ ሠራው፣ ሌላው አይታመንም ተብሎ ታሰረበት።



ሆላንዶች ያደረጉትን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ከጀርመን ጋር ተባብረዋል ተብለው የተጠረጠሩ ወደ 425,000 ሰዎች ስም የያዘ መዝገብ ነበራቸው። ለሰባ ምናምን ዓመት ተዘግቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የስም ዝርዝሩ በኢንተርኔት ተለቀቀ። ፋይሉን ለማንበብ ግን ያኔ ዘ ሄግ ድረስ መሄድ ያስፈልግ ነበር፤ የግል መረጃ የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ሁሉንም መልቀቅ ሕግ ይጥሳል ስላለ። ተጠርጣሪ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። ስሙን ፈልጎ አያቱን ያገኘ ሰው አለ፤ ፈልጎ ያጣም አለ። ጭቅጭቁ ብዙ ነው። ግን ቢያንስ የሚጨቃጨቁበት ወረቀት አላቸው።

እኛስ? እኛ ቃሉ አለን።

ሰኔ 14 ቀን 1933 ጅማ ነጻ ወጣች። እነ ገረሱ ዱኪ በዚህ አገር ጠላትን ሲያስጨንቁ ኖረው ነበር። ንጉሡ ከዚያ በፊት ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲገቡ ለክፉ ክፉ እንዳይመለስ አዘው ነበር። ያ ትእዛዝ ብዙ ደም አድኗል ብዬ አምናለሁ። አባባም በሱ ምክንያት ነው በሕይወት የቆየው፤ እኔም በሱ ምክንያት ነው ያለሁት። ግን ምሕረቱ ሲመጣ ጥያቄው አብሮ ተቀበረ። አንዱ ባንዳ የነበረ ሹመት አገኘ፣ ሌላው አርበኛ የነበረ በሹመኛው ደጅ ጸና። «የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ» የሚለው የሕዝብ እሮሮ ከዚያ ነው የመጣው። ምሕረት ያለ ምርመራ ሲሰጥ ተበዳዩ ያጉረመርማል፣ በዳዩም አይጸዳም። ሰማንያ ዓመት አለፈና አሁን ስድቡ በአጥር ጠብ ላይ ወጣ።

ለነገሩ ግራዚያኒም ቢሆን በኢትዮጵያ ደም አልተፈረደበትም። እ.ኤ.አ. በ1950 የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ ክሱ ከጀርመን ጋር መተባበር ነበር። የፈረዱበት በባንዳነት ነው ማለት ነው። ጥቂት ወራት ታስሮ ወጣ። ይህን ባነበብሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አልጣመኝም።

ጉዳዬ እንግዲህ ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት መቀነቱን በፌስታል ጠቅልዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። የቱ እንደሆነ አልጽፍም፤ ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። አንድ ወጣት ዘርግቶ አየው። ደስ አለው። «የአርበኛ ነው?» አለኝ። «አይ፣ የዛፕቲያ ነው» አልሁት። እጁን መለስ አደረገ። ወደ ሌላ ክፍል ገብቶ ተመለሰና «ጋሼ፣ ይሄ ቢቀር ይሻላል፤ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። አጣጥፎ ፌስታሉ ውስጥ ከተተልኝ። በጥንቃቄ ነው ያጣጠፈው፣ ያንን አልክድም።

ሰው ምን ይላል? እሱን ነው መስማት የምፈልገው።

በ1933 የአስር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና አምስት ሆኖታል። ጥቂት ናቸው። ግን ልጆቻቸው አሉ፣ እንደኔ ሳጥን የከፈቱ አሉ። ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ የታሪክ ተማሪ የሞላባት ናት። አንድ ተማሪ ከነስልኩ አንድ ከሰዓት በኋላ ከአንዲት አሮጊት ጋር ቢቀመጥ ምን ያህል ነገር እንደሚያገኝ አስቡት። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ፣ በምትናገረው ቋንቋ ይቅዳት። አርበኛውን ብቻ አትጠይቁ። አስተርጓሚ የነበረውን፣ ምግብ አብሳይ የነበረችውን፣ መንገድ የሠራውን፣ ዛፕቲያ የነበረውን ልጅ ጠይቁ። ከሁሉም በፊት የተወሰዱትን ሰዎች ቤተሰብ ጠይቁ። እነሱ ሳይናገሩ የኛ ወገን ብቻውን ከተናገረ ሁሉም አስመላጭ ይሆናል።

የስም ዝርዝር ለጥፉ አላልሁም። እንዲያውም እፈራዋለሁ። በዚህ ዘመን ስም ዝርዝር ወጥቶ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ። ስሙ በማኅደር ይቆለፍ፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈት። ሥራው ግን ይታይ። ማን መለመለ፣ በምን አባበለ፣ ምን አሠራ፣ ማን እምቢ አለ፣ እምቢ ያለውስ ምን ሆነ። ልጅ ወደ ሙዚየም ሲገባ የአባ ጅፋርን ዙፋን አይቶ በቀጥታ ወደ ዛሬ እንዳይዘል። መሀሉ ላይ አንድ መስታወት ይኑር።

ለጎረቤቶቼም አንድ ቃል። አያቱን የተሰደበው ሰውዬ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ አያቱ ነጋዴ ነበር። ባንዳ ቢሆን እንኳ አጥሩን የነቀለው እሱ አይደለም። የኔ አያት ግን ባንዳ ነበር። ከዚህ በኋላ ቡና ላይ ያ ቃል ሲነሳ መሬት መሬት አላይም፤ «የማን አያት? ምን አድርጎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። የራሴንም እመልሳለሁ።

የጠላ ሻጯ ዘመዶች ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ እንስራው እኛ ጋ ነው። አፉ ትንሽ ተሸርፏል። ከእማማ በኋላ ውሃ አልቀዳንበትም።

መቀነቱን እስካሁን እኔ ነኝ የያዝሁት። ናፍታሊን አድርጌበታለሁ፤ ቢሆንም ትናንት ስዘረጋው ከዘርፉ በኩል ብል ጀምሮታል።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ዛፕቲያ የልጅ ልጅ
ጅማ